ጠቋሚና ጯሂ

ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር ከሚቆሙት ባለ ሞተር ጀልባዎች መካከል ደረጃዋ ከፍ ያለችው በመሪዋ ትታወቃለች። ሌሎቹ የሚነዱት የሞተሩን እጀታ ራሱን ይዞ ነው፤ ነጂው ከኋላ፣ ከሞተሩ ጎን ተቀምጦ ሙቀቱን በጉልበቱ፣ ጩኸቱን በጆሮው፣ ጭሱን በአፍንጫው ይቀበላል። መሪ የተተከለላት ጀልባ ግን ነጂዋን ወደ ፊት አምጥታ፣ ወንበር ሰጥታ፣ ከሞተሩ አርቃ አስቀምጣዋለች። ስሙም በዚያው ተቀይሮ ካፒቴን ሆኗል። ከዚያ ወዲያ ካፒቴናችን ከኋላቸው ስላለው ነገር የሚያውቁት መሪው ፊት ያሉት ጠቋሚዎች የነገሯቸውን ያህል ነው።

ይህ ጽሑፍ ለተሾሙና ለሚሾሙ ካፒቴኖች፣ እንዲሁም ተሳፍሮ ከመሄድ ሌላ ምርጫ ለሌለው ሰው ይጠቅማል ተብሎ የተዘጋጀ ነው። የተጻፈው ስለ ጀልባ ነው። ስለ ሌላ ነገር ነው የሚል አንባቢ ቢገኝ ከራሱ አምጥቶ ነው።

መካኒኮቹ ጌጅ ከሚሏቸው ከእነዚህ ጠቋሚዎች ትልቋ፣ መሐል ላይ የተሰየመችው፣ ሞተሩ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚዞር ትናገራለች። ከኋላ የሚንጠለጠል ባለ አራት ምት ሞተር እስከ መጨረሻው ሲከፈት ባብዛኛው ከ5,000 እስከ 6,000 ዙር እንዲደርስ ፋብሪካው ይፈልጋል። ከዚያ በታች ከቀረ ጭነቱ ከብዶታል ወይም ፕሮፔለሩ አልተመጠነለትም። ጣና ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ሐይቁ ከባሕር ጠለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ስለሚገኝ አየሩ ሳሳ ይላል፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3 በመቶ ያህል እያንጠባጠበ ነው ወደዚህ የሚወጣው። ክዳኑ ላይ 40 ተብሎ የተጻፈው የፈረስ ጉልበት ባሕር ዳር ሲደርስ 33 ቢሆን ነው። ሰባቱ ፈረሶች መንገድ ላይ ቀርተዋል። ይህን የሚያውቅ መካኒክ ቀለል ያለ ፕሮፔለር ይገጥማል። ለእንግዳ የሚነገረው ግን ክዳኑ ላይ የተጻፈው ነው።

ይህች ጠቋሚ አንድ ምስጢር አላት። ዙሩን የምትቆጥረው ሞተሩን አይታ ሳይሆን ከዲናሞው የሚመጣላትን የኤሌክትሪክ ትርታ ቆጥራ ነው። ዲናሞው ስንት የማግኔት ዋልታ እንዳለው የሚነገራት በጀርባዋ ባለች ትንሽ ማዞሪያ ነው። ባለ 12 ዋልታ ዲናሞ ላይ ማዞሪያዋን 6 ላይ ቢያደርጉባት፣ ሞተሩ 2,500 ሲዞር እሷ 5,000 ትላለች። ነዳጅ አልተጨመረ፣ ፕሮፔለር አልተቀየረ፣ ጀልባዋም ከወትሮው አንድ ክንድ አልፈጠነች፤ የሚፈለገው አንድ ካቻቢቴና አምስት ደቂቃ ነው። ዕድገቱ እጥፍ። የሚደንቀኝ ጠቋሚዋ አለመዋሸቷ ነው። ቁጠሪ የተባለችውን በተባለችው መንገድ ቆጥራ ነው ያቀረበችው።

ቁጥሩ ትክክል ሆኖም ጀልባዋ ላትሄድ ትችላለች። ፕሮፔለሩ መሐል ላይ ዘንጉን ከክንፎቹ ጋር የሚያያይዝ ጎማ አለ፤ ክንፉ ድንጋይ ቢመታ ማርሹ እንዳይሰበር ዱላውን የሚችለው እሱ ነው። ብዙ ዱላ የቻለ ጎማ አንድ ቀን ይለቃል። ያኔ ዘንጉ ይሽከረከራል፣ ክንፎቹ ግን አይከተሉትም። ሞተሩ ያገሳል፣ መርፌዋ ሽቅብ ትወጣለች፣ ዳር ላይ ያለው ደንገል ግን ያው ከጎናችን ነው። ካፒቴናችን መርፌዋን አይተው «እየበረርን ነው» ይላሉ። ተሳፋሪው ደንገሉን አይቶ ዝም ይላል።

ከእሷ ቀጥሎ የነዳጅ ጠቋሚው ነው። ታንኩ ውስጥ ተንሳፋፊ አለ፤ ከነዳጁ ጋር ከፍና ዝቅ ሲል ሽቦው የሚያሳየው ተቃውሞ ይለዋወጣል፣ ጠቋሚውም ያንን ያነባል። በአሜሪካው ስሌት ታንኩ ባዶ ሲሆን ተቃውሞው 240 ኦም፣ ሙሉ ሲሆን 33 ነው። ሲጠግብ ተቃውሞው ይወርዳል፣ ሲራብ ይወጣል። መሐንዲሶቹ ይህን ከየት እንዳመጡት እንጃ፣ ብቻ በደንብ አስበውበታል።

ሽቦው ተልጦ መሬት የነካ እንደሆነ (በጀልባ መሬት የሚባለው የባትሪው ኔጋቲቭ ነው) ተቃውሞው ጨርሶ ይጠፋል። ታንኩ ደርቆ እንኳ ጠቋሚው ሙሉ ነው ማለቱን አይተውም። መሬት የነካ ሁልጊዜ ሙሉ ነው። የተቆረጠው በአንጻሩ ታንኩ ጢም ብሎ ሳለ ባዶ ነኝ እንዳለ ይኖራል። የአውሮፓው ስሌት ደግሞ ግልብጥ ነው፤ ባዶው 10 ኦም፣ ሙሉው 180 ስለሆነ፣ እዚያ ሙሉ ነኝ የሚለው ከቤቱ ተቆርጦ የቀረው ሽቦ ነው። ከአውሮፓ ለዕረፍት የሚመጣ ዘመድ ያለው ሰው ነገሩ አይጠፋውም።

በዚህ ምክንያት የቆዩ ነጂዎች ጠቋሚውን ትተው ታንኩን በዱላ ይጠይቁታል። ክዳኑን ይከፍቱና ደረቅ ዱላ ይሰዳሉ፤ እርጥቡ የደረሰበት ድረስ ነዳጅ አለ ማለት ነው። ዱላ የገባበት ታንክ ያለውን ሁሉ ይናገራል። ዱላው አስቀድሞ እርጥብ ከነበረ ደግሞ የሌለውንም። ስለ አጠቃቀሙም ባሕረኞች ዓለም ላይ የተስማሙበት ሕግ አለ፦ ሲሶው ለመሄጃ፣ ሲሶው ለመመለሻ፣ ሲሶው ለክፉ ቀን። ከሰዓት በኋላ ጣና ላይ ነፋስ ሲነሳ ጀልባዋ ከማዕበል ጋር ስለምትታገል፣ ከደቅ ደሴት የሚመለስ ሰው የክፉ ቀኑን ሲሶ መንካቱ አይቀርም። ካለ። ክፉው ቀን ሳይመጣ ሲሶው ወዴት እንደሚሄድ መጠየቅ የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አይደለም፤ የሲሶ ነገር በዚህ አገር ረጅም ታሪክ አለው፣ እንለፈው።

ቮልት ጠቋሚው ብዙ አያነጋግርም። ሞተሩ ሳይነሳ ጤነኛ ባትሪ 12.6 አካባቢ ያሳያል፤ ሞተሩ ሲሠራ ከ13.5 እስከ 14.5። ያረጀ ባትሪም ተቀምጦ ሲጠየቅ 12.6 ሊል ይችላል፤ የሚወድቀው ሥራ ሲሰጠው ነው። ሥራ አይሰጡትም፣ በሰላም ይኖራል። የሞተሩን ማዘንበል የሚያሳየውም ቀላል ነው፤ ሞተሩ ወደ ውጭ ሲገፋ የጀልባዋ አፍንጫ ይነሳል፣ ጥቂት ሲነሳ ትፈጥናለች፣ ሲበዛ መሪ የያዘው ሰው ከሰማይ በቀር የሚታየው የለም። ከፊቱ ታንኳ መኖሩን የሚያውቀው ቀዛፊው ሲጮህ ነው። ከሁሉም ጥግ ላይ ያለችው ሰዓት ቆጣሪ ሞተሩ ስንት ሰዓት እንደሠራ ትመዘግባለች። መሄዱንና መቆሙን አትለይም፤ ወደብ ላይ ታስሮ ቢያጓራም አገልግሎት ይቆጠርለታል። ወደ ኋላ አትመለስም። ካፒቴኖች ኮፍያቸውን የሚያስቀምጡት እሷ ላይ ነው።

ወደ ሙቀቱ እንምጣ፤ ነገር ያለው እዚህ ነው። እንዲህ ያለ ሞተር ራዲያተር የለውም፣ ራዲያተሩ ሐይቁ ራሱ ነው። እግሩ ውስጥ፣ ከፕሮፔለሩ ከፍ ብሎ፣ የጎማ ክንፎች ያሉት ትንሽ ፖምፓ ውሃውን ከታች ይስብና ወደ ላይ፣ ወደ ሞተሩ ራስ፣ ወደ ቴስታታው ይልካል። ውሃው ሙቀቱን ተሸክሞ ይመለሳል። ይህ ሁሉ ለመካሄዱ ምስክሯ አንዲት ናት፦ ከክዳኑ ሥር በጎን ካለች ቀዳዳ የምትፈናጠር፣ የእርሳስ ውፍረት እንኳ የሌላት የውሃ ጅራፍ። እጅ ሲዘረጉላት ለብ ማለት አለባት። ከቀጠነች፣ ከተቆራረጠች፣ እንፋሎት ከቀላቀለች፣ ታች ያለው ላይ ላለው ማድረስ አቅቶታል ማለት ነው። ቀዳዳዋን ጭቃ ደፍኗት ወይም ተርብ ጎጆ ሠርቶባት ሊሆንም ይችላል፤ መጀመሪያ ቀጭን ሽቦ ሰዶ ማየት ደግ ነው።

ፖምፓው ውሃ የሚስብበት ወንፊት በፌስታልም በደንገል ስብርባሪም ይዘጋል። እንደ ፈረንጆቹ በ2011 ጣና ላይ መኖሩ ከታወቀ ወዲህ ደግሞ እምቦጭ አለ። አበባው ሐምራዊ ነው፣ ፎቶ ላይ ያምራል። ሥሩ መሬት ሳይነካ ውሃው ላይ ተንሳፍፎ ይራባል፣ ነፋስ ወደ ነፈሰበትም ይሄዳል። ሕዝብ ወጥቶ በእጁ ነቀለው፣ ማሽንም መጣለት፤ ነፋሱ ሲዞር እሱም ዞሮ መጣ። ወንፊቱ ላይ ሲለጠፍ፣ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ ውሃ መሐል ሞተሩ በውሃ ጥም ይቃጠላል። የጎማ ክንፎቹ የሚለሰልሱት በሚስቡት ውሃ ስለሆነ፣ እሱን ሲያጡ ብዙ አይቆዩም።

ጅራፏ መቆሟን የሚያዩት ከኋላ የተቀመጡት ናቸው። ካፒቴናችን ፊታቸው ወደ ፊት ነው፤ እርሳቸው ዘንድ የሚደርሰው የሙቀት ጠቋሚው ቃል ብቻ ነው። እሱም ጠባይ አለው፤ ሽቦው የተቆረጠ እንደሆነ መርፌው ቀዝቃዛው ጥግ ላይ ይተኛል። ከታች ወሬ ካልመጣ አገር አማን ነው።

ፋብሪካው ይህን ሳያውቅ አልቀረም፤ ከጠቋሚዎቹ ሌላ አንድ ጯሂ አስቀምጧል። ከመሪው ሥር የተሸጎጠ ትንሽ ክላክስ ነው። ቴስታታው ላይ ያለው የሙቀት ማብሪያ ሲግል ሽቦውን ከመሬት ያገናኘዋል፣ ክላክሱም ያለማቋረጥ ይጮሃል። እየተቆራረጠ ከጮኸ ነገሩ ሌላ ነው፤ የዘይት ማነስ ወይም ነዳጅ ውስጥ የገባ ውሃ ሊሆን ይችላል፣ እንደየሠሪው ስለሚለያይ መጽሐፉን መግለጥ ነው። ሞተሩም ራሱ እጁን አጣጥፎ አይጠብቅም። ያማሃን ጨምሮ ብዙዎቹ ሙቀት ሲበዛባቸው ዙራቸውን ወደ 2,000 አካባቢ በገዛ ፈቃዳቸው ያወርዳሉ። የፍጥነት እጀታውን ቢገፉለት፣ ቢቆጡት፣ አይሰማም። ሥራ አላቆመም፣ ግን ከታዘዘው በታች ይሠራል። የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራ ሰው ይህን ሁኔታ ገና ከድምፁ ይለየዋል።

መድኃኒቱ ደግሞ ውድ አይደለም። እጀታውን ወደ መሐል መመለስ፣ ዞሮ ጅራፏን ማየት፣ ከሌለች ሞተሩን ማጥፋት፣ እግሩን ከውሃው ማውጣትና ወንፊቱ ላይ የተለጠፈውን በእጅ መንቀል። እንደገና አስነስቶ ጅራፏ ከተመለሰች መሄድ፣ ካልተመለሰች አለመሄድ። ሐይቅ መሐል መቆም ግን ለካፒቴን ያሳፍራል፤ ሌላ ጀልባ ሊያልፍ ይችላል። ካፒቴን ዞሮ ወደ ኋላ ሲያይ መታየቱም አለ።

ቀሪው የጩኸቱ ነገር ነው። ክላክስ ጊዜና ቦታ አይመርጥም፤ እንግዳ ባለበት፣ ስለ ጀልባዋ ብቃት እየተነገረ ሳለ ይጮሃል። የማወራላችሁ ጀልባ ላይ በመጀመሪያ ፕላስተር ተለጠፈበት፤ ድምፁ ታፈነ፣ አልጠፋም። ቀጥሎ ረዳቱ እንዲቆርጠው ታዘዘ። ረዳቱ ከመሪው ሥር ጨለማ ውስጥ እጁን ሰዶ ሁለት ሽቦ አንድ ላይ ቆረጠ፤ አንዱ የክላክሱ፣ አንዱ የሙቀት ጠቋሚው። መርፌው ወዲያው ቀዝቃዛ ላይ ተኛ። አንድ ሲታዘዝ ሁለት የሚሠራ ረዳት በየጊዜው አይገኝምና ተመሰገነ። ጀልባዋ ላይ ጸጥታ ሰፈነ፤ ጸጥታው በአስተማማኝ ሁኔታ ላይ እንደሚገኝም ለጀልባዎቹ ማኅበር ሪፖርት ተደረገ።

ሪፖርቱን ያዳመጡት አንድ ነገር ቢያውቁ ኖሮ ይጠይቁ ነበር። ብዙ ሞተሮች ላይ ቁልፉ ገና ሲዞር፣ ሞተሩ ሳይነሳ፣ ክላክሱ ጢጥ ይላል። አለሁ ማለቱ ነው። ሁሉ ደህና ሆኖ ዝም ያለውንና ተቆርጦ ዝም ያለውን ሐይቅ መሐል ማንም አይለያቸውም፤ የሚለዩት ወደቡ ላይ፣ በዚያች ቅጽበት ነው። ተሳፋሪው ደግሞ በዚያች ቅጽበት ወንበር ሽሚያ ላይ ነው።

ጀልባዋ ወደ ዘጌ ነበር የምትሄደው። ፊት ለፊት እንግዶች ካሜራ ይዘው ተቀምጠዋል። ኋላ፣ ሞተሩ አጠገብ፣ ቡና ሸጠው የሚመለሱ አንዲት የዘጌ እናት ባዶ ጆንያቸውን አጥፈው፣ ከጎናቸው አንድ የቅኔ ተማሪ ደበሎውን ተከናንቦ። ግማሽ መንገድ ላይ እናትየው ጅራፏን አዩ።

«ጌታው፣ ይች ስትፈስ የነበረች ውሃ ቆመች» አሉ።

ካፒቴናችን አልዞሩም። «እማማ፣ ጥቆማ ካለዎት በረዳቱ በኩል ያቅርቡ።»

ረዳቱ አንገቱን አስግጎ መርፌውን አየ። «ቀዝቃዛ ነው የሚለው፣ ካፒቴን» አለ። እንደተባለውም ቀዝቃዛ ላይ ነበር። ጥቂት እንደሄዱ ሞተሩ ራሱን ወደ 2,000 አወረደ። ካፒቴናችን እጀታውን ገፉት፣ አልሰማም። ቁልፉን አጥፍተው መልሰው አበሩት፤ ሞተሩ በደሉን የረሳ መስሎ ተነሳ፣ ጥቂት ሮጠ፣ እንደገና ወረደ። እንደገና አጥፍተው አበሩት። «አመል ነው፣ ሲለምድ ይተዋል» አሉ ለእንግዶቹ። የተቃጠለ ጎማ ሽታ ከኋላ ተነሳ፤ ነፋሱ ከፊት ስለነበር እርሳቸው ዘንድ አልደረሰም። ተማሪው ያን ጊዜ ደበሎውን ገለጥ አድርጎ ለሐይቁ የሚናገር መስሎ እንዲህ አለ፦

ክላክሱን ቆርጠኸው ዝም አለ ብለህ፣
ሳይጮህ የሚነክስ አለልህ ከኋላህ።

እንግዶቹ ሳይገባቸው አጨበጨቡ። ካፒቴናችን ሳቁ፤ ግጥም ይወዳሉ። «ጥሩ ብለሃል» አሉት፣ «ግን የጃፓን ሞተር አይነክስም።»

መጀመሪያ የሄደው ቴስታታው ነው። ጓርኒሲዮኑ ተበላ፣ ነጭ ጭስ ወጣ፣ ፒስቶኑ ሲሊንደሩ ውስጥ ተጣብቆ ቀረ። ነከሰ። ሌላ ጀልባ ደርሶ ጎትቶ እስኪያወጣቸው የከሰዓቱ ነፋስ ወደ ፈለገው ሲወስዳቸው ቆየ። ካፒቴናችን ይህን ሁሉ ጊዜ መሪውን አልለቀቁም፤ ወዲያና ወዲህ ያዞሩት ነበር።

በማግስቱ ግምገማ ተቀመጡ። ክፍተቶች በጥልቀት ታዩ። ክላክሱ አደጋው ሲደርስ አንዲት ድምፅ ባለማሰማቱ ኃላፊነቱን አልተወጣም ተብሎ ከቦታው እንዲነሳ ተወሰነ። ጠቋሚዎቹ እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ ተረጋግተው በመቆየታቸው ምስጋና ተቸራቸው። የሙቀቱ ምንጭ ከኋላ መሆኑ ስለተረጋገጠ፣ ከኋላ የሚቀመጡ ሰዎች ወደፊት ተጣርተው እንዲሳፈሩ አቅጣጫ ተቀመጠ። የተማሪው ጉዳይ በተናጠል ይታያል። የአዲሱ ሞተር ዋጋ በታሪፉ ላይ ተጨመረ፤ ካፒቴናችን ከደረሰው ሁሉ በቂ ልምድ ስላካበቱ ባሉበት ይቀጥላሉ።

አዲሱ ሞተር ተገጠመ፣ ከመሪው ሥርም አዲስ ክላክስ ገባ። ካፒቴናችን ተቀምጠው ቁልፉን አዞሩ።

ጢጥ አለ።

«ገና ሳንነሳ?» አሉ ካፒቴናችን። ረዳቱ ሳይታዘዝ ፒንሳውን አነሳ።